የሊላ የዓሣ አልጫ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሽንኩርቱን አሳረርኩት። ለእኛ ወጥ ቢሆን ኖሮ ገና ነው የሚባል ነበር፤ ለዚህኛው ግን አሯል። ጥፋቱ የእጄ ነው። ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ፣ ያለ ዘይት፣ መልኩን እስኪቀይር መቁላላት አለበት ብሎ የሚያምን እጅ ነው ያለኝ፤ ሌላ ሃይማኖት አያውቅም። የሊላ ሽንኩርት በረጅሙ ይሰነጠቃል፣ ዘይት ውስጥ ይለሰልሳል፣ ቀለሙን ግን አይቀይርም። ከዚያ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ ለመልክ ያህል እርድ፣ የኮኮናት ወተት፣ በመጨረሻ ዓሣው። በርበሬ የለም። እሷ ይህን ስትሠራ እኔ ለዓመታት እዚያው ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አውርቻለሁ፣ በልቻለሁ። ማየትና ማወቅ እንደሚለያዩ ግን ዛሬ ድስት ፊት ቆሜ ተማርኩ። እንደ እኔ ያለች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይህን ቀድማ ማወቅ ነበረባት።

ሊላ ካረፈች ከወር በላይ ሆናት። ባሏ ዶክተር ቶማስ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ሒሳብ ያስተምራሉ። ከደቡብ ሕንድ፣ ከኬረላ ናቸው፤ ሀዋሳ ግን ከእኔ በፊት ነው የገቡት። በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ በራቸው ከበሬ ፊት ለፊት። ልጃቸው ለቀብር መጥታ ተመልሳለች። ድንኳኑ ተነቀለ፣ እዝኑም አብሮ ቀረ። እኛ አገር ሐዘንተኛ ሦስት ቀን ብላ ብላ ይባላል። በአራተኛው ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ሐዘንተኛው ከሆዱ ጋር ይቀራል።

ሰውዬው እያለቁ ነው። ሻይና ብስኩት፣ ሻይና ብስኩት። ቀበቷቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተውበታል። ስኳር አለባቸው፣ የሚውጡት መድኃኒት ደግሞ ባዶ ሆድ አይወድም።

ሊላ ሆስፒታል ተኝታ እጄን ይዛ፣ "ቶማስ እንቁላል መቀቀል እንኳ አይችልም፤ አደራ" ነበር ያለችኝ። ሌላውን በእንግሊዝኛ፣ አደራዋን በአማርኛ። ሁሉንም በእንግሊዝኛ ብትለው ኖሮ እንደ ምክር ቆጥሬ አልፈው ነበር። የምትሠራውን ታውቃለች።

አመሻሽ ላይ ድስቱን ይዤ አንኳኳሁ። "በሞቴ ይቅመሱልኝ" አልኩ። ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው በሞቴ እያልን የምንለምን ሕዝብ ነን፤ አንድ ሞት ያነሰው ይመስል። ዶክተሩ ድስቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ክዳኑን አልከፈቱም። አመሰገኑኝ። በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ጋሽ ላሚሶ፣ የግቢያችን ዘበኛ፣ ከወትሮው ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

"ዓሣሽ ጥሩ ነበር" አሉ። "በርበሬውን ብቻ ረስተሽዋል።"

"የቱ ዓሣ?"

"ዶክተሩ የሰጡኝ ነዋ። ድስቱን አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።"

ንጹሕ አድርገው አጥበውታል። አመሰገንኳቸው፤ ሌላ ምን ይባላል?

ዶክተሩ አልቀመሱትም ማለት ነው። ሽንኩርቱ ነው። ሊላ ስትሠራው ቀለሙ ቅቤ ይመስል ነበር፣ የእኔው ደግሞ የክረምት ጎርፍ። ዕድሜ ልኩን የእሷን እጅ ሲበላ የኖረ ሰው ክዳን መክፈት አያስፈልገውም፣ ከሽታው ይለየዋል። አልፈርድባቸውም።

እንደገና እሠራዋለሁ። የሚያስፈልገኝ፦
ዓሣ፣ ቆሮሶ የሚሉት ዓይነት፣ የዛሬ ሳይሆን የነገ።
የኮኮናት ወተት። አንዷን ጣሳ ትናንት አበላሽቻታለሁ።
ትዕግሥት።

ከሥራ ስወጣ ፒያሳ ዞርኩ። አንዱ ሱፐርማርኬት ጭራሽ የለም አለኝ። ሌላው ጋ ልጅቷ የኮኮናት የፀጉር ቅባት አመጣችልኝ። የሚበላ ነው የምፈልገው ስላት "ይሄም ንጹሕ ነው" አለች፣ ከልቧ። በመጨረሻ አንድ ሱቅ ውስጥ ከቲማቲም ድልህ ጀርባ ሁለት ጣሳ ተገኘ። ጊዜው አለማለፉን በመነጽርም ያለ መነጽርም አረጋገጥኩ። ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ። ትዕግሥት ፒያሳም የለም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው ወረድኩ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ ቆዳ ሲጠብቁ፣ የተዋሱትን መጽሐፍ ሳይመልሱ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰሮች ይመስላሉ። ዓሣ አራጁ "ለጥብስ ነው ለጉላሽ?" አለኝ።

"ለአልጫ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "የታመመ ሰው አለ እንዴ?"

"አለ" አልኩ።

አጥንቱን አውጥቶ ሲሰጠኝ "እግዜር ይማረው" አለ። እስከዚያ ድረስ ነገሩን ለራሴም እንደዚያ ብዬው አላውቅም ነበር።

ከሥራ መልስ ሠራሁት። እጄን እንደ ልጅ እየተቆጣሁ ሽንኩርቱን በረጅሙ ሰነጠቅሁ፣ ገና ቀለም ሊይዝ ሲል እሳቱን ቀነስኩ። ወተቱን አላፈላሁትም፣ ሞቅ ብቻ አደረግሁት። ዓሣው ሳይፈርስ በሰለ። ቀለሙም መጣ። በማንኪያ ጫፍ ቀመስኩ። ሊላ ወጥ ቤቴ ገባች ብዬ አልጽፍም፤ እንዲህ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፣ መደርደሪያችን በእነሱ ተሞልቷል። ማንኪያውን አስቀምጬ ትንሽ ቆሜአለሁ፣ ይኸው ነው።

ዛሬ ዶክተሩ እበሩ ላይ ቆመው ክዳኑን ከፈቱት። እንፋሎቱ መነጽራቸውን ሸፈነው። መነጽሩን አልጠረጉም። "ይሄ የእሷ ነው" አሉ። ቀጥለው ክዳኑን በጥንቃቄ መልሰው ገጠሙት።

ተሳካልኝ ብዬ ተኛሁ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

"ከሰኞው ይሻላል" አሉ ጋሽ ላሚሶ። "በርበሬውን ግን አሁንም።"

ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ረፋዱ ላይ ተደወለ። ዶክተር ቶማስ ከክፍል ሲወጡ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፣ መነሣት አቅቷቸዋል፣ ተማሪዎች ደግፈው ክሊኒክ አድርሰዋቸዋል። ስሮጥ ደረስኩ። ስኳራቸው ወርዶ ነው። ነርሷ ልጃቸው ብትሆን እንኳ እንደዚያ አትቆጣቸውም። "አባባ፣ ዛሬ ምን በሉ?" "ሻይ።" "ትናንትስ?" "እሱኑ።" ወደ እኔ ዞራ "እንዲህ ሆነው መድኃኒቱን ከዋጡ በሚቀጥለው ጊዜ ደረጃ ላይ አይቀመጡም፣ ይወድቃሉ" አለችኝ። እንደ ቤተሰብ ቆጥራኝ ነው። ቤተሰብ አይደለሁም ማለት አልፈለግሁም።

ቢሮ ተመልሼ ለትርንጎ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ትርንጎ መጽሐፍ ማዋሻው ላይ አብራኝ የምትሠራ፣ የጎጃም ሰው፣ አጽዋማቱን በሙሉ የምትጾም ናት። ሁለት ድስት ዓሣ ሠርቼ ሁለቱንም ዘበኛው በላው አልኳት።

"ሰውዬው ክርስቲያን ናቸው?"

"ናቸው። ከሐዋርያው ቶማስ ጀምሮ ነን ነው የሚሉት።"

"ታዲያ ሐዘን ላይ አይደሉ? ጾም ይዘው ይሆናላ። እናንተ ጴንጤዎች ሆዳችሁ ሐዘን አያውቅ።"

"እናንተስ ዓሣ ይጾማል አይጾምም ተስማምታችሁ ጨረሳችሁ?"

"እሱ የውስጥ ጉዳያችን ነው" አለች ትርንጎ።

ማታውኑ ዶክተሩን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። አፈሩ። አዎ፣ በእሳቸው ቤት ሰው ሲሞት አርባው እስኪወጣ ዓሣም ሥጋም አይቀመስም። ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ? "መጀመሪያ እዚህ አገር ስንመጣ" አሉ፣ "ሊላ አስጠነቀቀችኝ። ጎረቤት ያመጣው ምግብ አይመለስም፣ ለለቅሶ ቤት የመጣ ደግሞ በፍጹም።" ስለዚህ አልመለሱትም። ለጋሽ ላሚሶ አሳለፉት። እኔ የእሳቸውን ሥርዓት ሳላውቅ፣ እሳቸው የእኔን አጥብቀው ይዘው፣ መሐል ላይ ዘበኛችን ወፈሩ።

የጾም ምግብ እኮ በዚህ ከተማ ሞልቷል አልኳቸው። ካፌው ሁሉ በየዓይነቱ አለው።

"ብቻዬን ገብቼ አዝዤ ነበር" አሉ። "ትሪው በጣም ሰፊ ነው።"

ሄጄ የምስር አልጫ ሠርቼ መጣሁ። እፊታቸው ቁጭ ብዬ አብሬ በላሁ። ጥቂት ጎረሱ። በእኔ ቆጠራ ድል ነው፤ በነርሷ ቆጠራ አይመስለኝም።


ዓርብ፣ ኅዳር 12

አርባው እሑድ ይወጣል። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ እነሱ ሰኞ የነቢያትን ጾም ሊይዙ፣ ዶክተሩ በዋዜማው ሊፈቱ።

ዶክተሩ ግን አይፈቱም። ዛሬ ጎመንና ክክ ይዤላቸው ሄጄ፣ እየቆረሱ ብዙም ሳይጎርሱ ነገሩኝ። በአገራቸው ያን ቀን ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ከዚያ ከቤተሰቡ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው የመጀመሪያውን ዓሣ ለሐዘንተኛው ያቀርብለታል። ሐዘንተኛው ለራሱ አያነሣም። ልጃቸው እዚያ ከአክስቶቿ ጋር ትፈታለች። እሳቸው ደግሞ እዚህ ማንም የላቸውም።

"ታዲያ እሑድ ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ምንም። ያልፋል።"

"ከዚያስ?"

"ሳልፈታ እቀራለሁ።"

ይህን ያሉት መፍትሔ የሌለውን እኩልታ ለተማሪ በሚያስረዱበት ድምፅ ነው። አልተማረሩም፣ አላለቀሱም። የፈራሁትም ይህንኑ ነው። የሚያለቅስ ሰው ቢያንስ የሚፈልገው ነገር አለ።

ስወጣ በሩ ላይ ለጋሽ ላሚሶ ነገርኳቸው። ለማን ልንገር?

ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "ሽማግሌ ነው የጠፋው? እኔ የት ሄጄ?" አሉ። "ዓሣውን እንደሆነ ልምድ አለኝ።"


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ለዶክተሩ ነገ ከጸሎት በኋላ እኔ ቤት ምሳ አለ አልኳቸው። ጋሽ ላሚሶ እንደሚገኙ፣ ለምን እንደሚገኙም ነገርኩ። እሺም እምቢም ሳይሉ ገቡ።

አልፌ ሄጄ እንደሆነስ? ዘበኛና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሰው ሥርዓት ውስጥ ገብተው ዘመድ መሆን ይችላሉ? ኅብረት ላይ ብጠይቅ ይጸለይበት ይሉኛል። ትርንጎን ብጠይቃት ቄስ ጠይቂ ትለኛለች። ሊላን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።

አንድ ጣሳ ቀርታኛለች። የረቡዑን ከደገምኩት ይበቃል። ልክ የረቡዑን።


እሑድ፣ ኅዳር 14

ከቤተክርስቲያን ስመለስ መብራት የለም። ከሰል አቀጣጠልኩ። ከሰል ሞቅ አድርግልኝ ብትለው አይሰማም። ወተቱ ገንፍሎ ተቆራረጠ፣ ውሃው ለብቻ ቅባቱ ለብቻ። ዓሣውን ላድን ሳማስለው ፈረሰ። ሊላ አንዳንዴ ጣል የምታደርግበት፣ ከአገሯ የምታስመጣው ቅጠል ስለሌለኝ፣ ተስፋ ስቆርጥ ከጓሮ ጤና አዳም ቀንጥሼ ጣልኩበት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ድስቱ ውስጥ የነበረው የእሷም የእኛም አልነበረም። ሌላ ጣሳ የለም፣ ሰዓትም የለም። ሩዙ ብቻ ደህና ነው።

ጋሽ ላሚሶ ኮት ለብሰው መጡ። ኮት እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ተቀመጥን። ሩዙ መቀዝቀዝ ጀመረ። ስለ ዝናብ አወራን፣ ዝናብም አልነበረም። አይመጡም ብዬ ስነሣ ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል፣ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው።

በቋንቋቸው ጸለዩ፣ ቆመው፣ አጠር አድርገው። ከሁሉም የገባኝ ሊላ የሚለው ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ጠሯት።

ጋሽ ላሚሶ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ። በሲዳምኛ መረቁ፤ እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ፣ ከፊሉ አመለጠኝ። ከድስቱ ካልፈረሱት ቁራጮች አንዱን ፈልገው አወጡ፣ ዶክተሩ ሳህን ላይ፣ ሩዙ ላይ አኖሩት። እስከ ዛሬ ዶክተሩን እርስዎ ሳይሉ ውለው አያውቁም። ዛሬ "ብላ" አሏቸው።

ዶክተሩ ሳህኑን አዩት። እኔ መሬቱን አየሁ። ከዚያ በጣታቸው ዓሣውን ከሩዙ ጋር ሰብስበው አጎነበሱና ጎረሱ። አኝከው ቆዩ።

"ይሄ የእሷ አይደለም" አሉ።

"አይደለም። መብራት ጠፍቶ፣ ከሰሉ ደግሞ፣ ወተቱም..."

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። "የረቡዑ የእሷ ነበር" አሉ። "ዛሬ እሱን ብታቀርቢልኝ ኖሮ ተነሥቼ እሄድ ነበር። ይሄን እችለዋለሁ።"

በሉ። ቀስ ብለው፣ አንዳንዴ ቆም እያሉ፣ አንድ ጊዜ በክንዳቸው ፊታቸውን እየጠረጉ። ሩዝ ጨምሪ አሉኝ። ጋሽ ላሚሶ የኪሳቸውን ሚጥሚጣ አውጥተው በራሳቸው ሳህን ላይ ነሰነሱ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ።

ሲወጡ ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሙ። "ነገ ምን ትሠሪያለሽ?" አሉ።

"ጎመን" አልኩ፣ ሳላስብ።

ቤት ውስጥ ጎመን የለም። ጠዋት ከሥራ በፊት ገበያ መውጣት አለብኝ።