እግርሽን አንሺ ስልሽ

ውድ ረቢያ፣

ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት ልጀምር ነበር፤ ግን እንዲህ ያለውን መግቢያ ሱቃችን ተቀምጠን ለሰው ስንጽፍ ስለኖርን ለራሴ ሲሆን አፈርኩ። በቃ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ያ ፎቅ መውጣት መውረዱ አልከበደሽም?

«ለምን አትደውይም?» ትያለሽ። አውቅሻለሁ፣ ወረቀቱን ዘርግተሽ ሳትጨርሺ ነው የምትይው። ምክንያቱን ግን ታውቂዋለሽ። የዚያን ቀን ስደውልልሽ ልጅሽ ሂዳያ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠችው ያ ክብ ነገር ስልኩን አንሥቶ ለቤቱ ሁሉ እንደሚያሰማው እኔ የት አውቄ! ብቻሽን መስለሽኝ፣ «ያ አማችሽ አሁንም እንደዚያ ቆንቋና ነው?» አልኩ። ከዚያ የወንድ ድምፅ፣ «ደህና ነኝ እትዬ ስህን፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አለኝ። አንቺ ከኋላ ስትስቂ ይሰማኛል፤ ሳቅሽ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስደውል የማን ጆሮ እንዳለ ስለማላውቅ ስለ ዝናብ አወራሻለሁ፤ አንቺም ስለ ዝናብ ትመልሽልኛለሽ። እስኪ አሁን እኔና አንቺ ስለ ዝናብ አውርተን እናውቃለን?

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ወንዱ በእጁ ያደርስልሻል። «ለሂዳያ አይደለም፣ ለራሷ ነው የምትሰጠው» ብዬዋለሁ። «ምን ያለ ምሥጢር ቢሆን ነው?» አለኝ እየሳቀ። «የእቃ ነገር ነው» አልኩት። አልዋሸሁትም።

አሮጊቷ ኮምፒውተራችን ዘጋችብኝ፣ ረቢያ።

ሂዳያ ዘንድ ከሄድሽ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት ምን መሰለሽ? ከጠረጴዛው ስር አወጣኋት፣ አቧራዋን ጠረግሁላት፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ከስክሪኑ ጎን በክብር አስቀመጥኳት። ስንት ዓመት ሙሉ «እግርሽን አንሺ፣ እቃ ናት እንጂ በርጩማ አይደለችም» ስልሽ ኖርኩ። አንቺም «እግሬ መሬት አይደርስ፣ ምን ላርግ፣ እንደ ቋንጣ ልንጠልጠል?» ትይኛለሽ። ጫማሽን አውልቀሽ ነው የምትጭኚባት ግን፤ እሱን እመሰክርልሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ባዶ እግርሽን ክዳኗ ላይ ታሳርፊና ቁልፏን እየተጫንሽ «አብሽሪ» ትያታለሽ። ትነሣለች። እኔ ስሞክራት አንዳንድ ቀን እንቢ ትላለች፤ አንቺ ስትመጪ ትነሣለች። ሰዉ ሁሉ የረቢያ ዱዓ ነው ይል የለ? ከአምባሰል አቤቱታ ይዘው የሚመጡት አቶ ፈንታሁን እንኳ፣ እኔን አልፈው አንገታቸውን እያሰገጉ፣ «ያቺ አጭሯሳ? እሷ ካልባረከቻት አትነሣም ይቺ» ይሉ ነበር። እኔም ጥቂት ጥቂት አምኜ ነበር፤ ምን ልደብቅሽ።

በክብር በተቀመጠች በሳምንቱ ዘጋች። ማራገቢያዋ ይዞራል፣ መብራቷ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ከዚያ ያ ድምፅ ይመጣል፤ ጢ...ጥ፣ ጢ...ጥ፣ ረዘም ረዘም እያለ፣ እናቱ ገበያ ሄዳ እንደቆየችበት ሕፃን። ሶኬቱን ቀየርኩ። የስክሪኑን ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያቺን ቀኑን የምትይዝላትን እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ደክማ ይሆናል ብዬ ከሰዓት አዳሹ አዲስ አምጥቼ ለወጥኩላት። ጢ...ጥ።

በመጨረሻ ሙሐዲንን ጠራሁት። ከጎናችን ያለው፣ ስልክ የሚሸጠው። አሁንማ ከስልክም አልፎ የሚያወራ ሰዓት፣ የሚያይ አምፖል፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉንም ደርድሯል። ጆሮውን ሳጥኗ ላይ አስጠግቶ ሰማና ቀና አለ።

«ቦርዱ ነው። አብቅቶለታል።»

«አብቅቶላታል በል።»

«እትዬ ስህን፣ ቆርቆሮ ደግሞ ሴት ናት እንዴ?»

«ካንተ ሰዓት ትሻላለች። እሷ ቢያንስ ያልጠየቅናትን አታወራም።»

ሳቀ፤ መሳቁን ያውቅበታል። ከዚያ ስልኩን አወጣና «ካሁን በኋላ መተየብ የሚባል ነገር የለም፣ ትናገሪያለሽ፣ ራሱ ይጽፋል» አለኝ። አቶ ፈንታሁን ተቀምጠው ስለነበር በሳቸው እንሞክረው ተባለ። ስልኩን አፋቸው ስር ደቀነላቸው። ሰውየው ዳኛ ፊት እንደቆሙ ሁሉ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በዚያ በለዘበው በወሎ አነጋገራቸው፣ «ወንድሜ ድንበሬን ገፋኝ» አሉ። ስልኩ ምን ብሎ ጻፈ መሰለሽ? «ወንድሜ ዱባዬን ገፋኝ።» ሳነብላቸው አቶ ፈንታሁን ክፉኛ ተጨነቁ። «ኧረ ዱባስ የለኝም» አሉ። «ደግሞ ዳኛው ዱባው የታለ ቢሉኝስ?» ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ዞር ብዬ ወደ ወንበርሽ አየሁ። ታውቂያለሽ፣ ሰው የሚያስቅ ነገር ሲሰማ ዓይኑን የሚጥልበት ቦታ አለ። ባዶ ነበር።

ሙሐዲንም ያየሁትን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ነገር አመጣው። ወንበርሽ ባለበት ቦታ የመስታወት ሳጥን ማቆም ይፈልጋል። ሱቁን አጋርቼው እኔ በአንድ ጥግ ፎቶ ኮፒ እንድሠራ ነው። «እስከ መውሊድ ንገሪኝ» አለኝ። «ረቢያ ከመጣች የት ትቀመጣለች?» አልኩት።

«እትዬ፣ መብራቱ በድምፅ የሚታዘዝ ቤት ውስጥ ያለች ሴት እዚህ ሐይቅ ምን ልትሠራ ትመጣለች?»

በክፋት አይደለም ያለው። ለዚህ ነው ውሎ ያደረብኝ።

ምክንያቱም እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱኑ ነው። ሰዉ «ረቢያስ?» ሲለኝ መጀመሪያ «ትመጣለች» እል ነበር። አሁን «ደህና ናት» ነው የምለው። ምሳ ሰዓት ዓሣ ጠባሿ ዘንድ ስሄድ አንዱን ቀረሶ ለብቻዬ አልጨርሰውም፤ አንቺ ራሱን፣ እኔ ጭራውን እያልን ለምደን፣ አሁን ራሱ ለድመት ነው። ድመቷ ከመወፈሯ የተነሣ ሴትዮዋ «ረቢያን መስላለች» ትላለች። ሻይ አቅራቢው አሁንም ሁለት ብርጭቆ ያመጣል። አልመልሰውም። ፊት ለፊቴ ይቀዘቅዛል።

ስለዚያ ሂዳያ ክንድሽ ላይ ስላሰረችው ሰዓት የነገርሽኝንም አስባለሁ። በራዲዮ የአምባሰል ዜማ ሰምተሽ ልብሽ ሲመታ፣ ሰዓቱ ነግሯት ከቢሮዋ ደውላ «እማ፣ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ?» አለችሽ። ያኔ አብረን ስቀናል። ልጅቷ እናቷን ብትወድ ነው፣ ምን በወጣት። ግን ረቢያ፣ ያ ሰዓት ልብሽ መምታቱን እንጂ ለምን እንደመታ ማን ይነግረዋል? እኔን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።

አሁን ወደ እቃዋ ልመለስ። ቅዳሜ ከገበያ መልስ ሱቁን ገርበብ አድርጌ ራሴ ከፈትኳት። ብሎኗን በቢላ ጫፍ ፈታሁት። ራሟን፣ ያቺን ማበጠሪያ የምታህል የማስታወሻ ቁራጭ፣ ድሮ አውጥተሽ ጥርሷን በላጲስ ስታሺው አይ ስለነበር እኔም ላጲስ አዘጋጅቻለሁ። ክዳኗን ሳነሣ ግን ራሟ አልታየችኝም። ላይዋ ላይ ሰማያዊ ነገር ተጠቅጥቋል። ጎትቼ አወጣሁት።

ሸበጥ ነው። በምላጭ ተቆርጦ፣ ሁለት ላይ ታጥፎ። ያንቺ የግራ እግር ሸበጥ።

እጄ ላይ ይዤው ቁጭ አልኩ። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ ሌሎቹ ሁለት ኮምፒውተሮቻችን ሲዘረፉ፣ ይቺን በአጎትሽ አህያ ጭነሽ፣ የማሽላ አገዳ አልብሰሽ፣ አርዲቦ ዘመዶችሽ ዘንድ የወሰድሻት ትዝ አለኝ። ነገር ሲረግብ ይዘሻት ስትመለሺ አንዱ እግርሽ ባዶ ነበር። «ሌላውሳ?» ስልሽ «ጭቃ በላው» አልሽኝ። በኅዳር ጭቃ ከየት መጣ ብዬ ያኔ አልጠየቅሁሽም። ሁለታችንም በሕይወት ተገናኝተን ማን ስለ ሸበጥ ይጠይቃል?

ለካ መንገድ ላይ፣ እዚያ አህያ ላይ ስትንገጫገጭ፣ ራሟን የሚይዘው መንጠቆ ተሰብሮ ኖሯል። ሰብሬ አመጣሁብሽ እንዳትይኝ ሸበጥሽን ቆርጠሽ ደገፍሽበት። ሸበጡ በጊዜ ብዛት ሲሳሳ ደግሞ ክዳኑን የሚጫነው ነገር አስፈለገ። እግርሽ። ዱዓም አይደል፣ በረከትም አይደል፣ እግርሽ ነው! አቶ ፈንታሁን ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? እኔን ደግሞ እይኝ፤ ስንት ዓመት «እግርሽን አንሺ» ስልሽ፣ አንቺ «አብሽሪ» እያልሽ ሱቃችንን በእግርሽ ተጭነሽ ይዘሽው ነበር።

ራሟን በላጲስ አሸሁ፣ ሸበጥሽን ወደ ቦታው መለስኩ፣ ዘጋሁና ቁልፏን ተጫንኩ። ጢ...ጥ። እሺ አልኩ። ወደ ጠረጴዛው ስር መለስኳትና ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩ። ከሄድሽ ወዲህ ተቀምጬበት አላውቅም። ቁመቴን ታውቂዋለሽ፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ። ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን አጣጥፌ፣ ካንቺ እግር ስር ወዝቶ የቀረው ቦታ ላይ አሳረፍኩና ቁልፏን ተጫንኩ።

ጭጭ አለች። ከዚያ አንዴ ብቻ አጠር አድርጋ ጢጥ አለችና ስክሪኑ ወገግ አለ። «አብሽሪ» ማለቴን ያወቅሁት ሙሐዲን ከበሩ ላይ ሆኖ «አሚን» ሲል ነው።

ነገሩን አሳየሁት። ሸበጡን አየ፣ እግሬን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «በቃ ድንጋይ ጫኚባት» አለኝ። «ጠፍጣፋ ድንጋይ። ሰው አያስፈልጋትም።» እውነቱን ነው። እኔም አላጣሁትም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ውኃው በዝናቡ ደፍርሷል፣ ጀልባዎቹ ዳር ወጥተዋል፣ ሰው አልነበረም። ልክ የእግርሽን መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ በነጠላዬ ይዤ መጣሁ።

ግን ረቢያ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ልትሄጂ ስትይ የሱቁን ቁልፍ ሰጠሽኝ። የማተሚያው ቀለም ሲያልቅ እንዴት እንደሚነቀነቅ አሳየሽኝ። መቀሱ የት እንደሚሰቀል እንኳ፣ እኔ ራሴ የሰቀልኩትን፣ ነገርሽኝ። ይህን ግን አልነገርሽኝም። ረስታው ነው እንዳልል አንቺ ሰው ያበላሸብሽን የሰርግ ጥሪ ወረቀት እንኳ የማትረሺ ነሽ። አፍራ ነው እንዳልል ከእኔ ጋር ማፈር ከተውን ቆየን። ሌት ተቀን አውጥቼ አውርጄ አንድ ነገር ላይ ደረስኩ፦ ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ሁሉን አስረክቦ ይሄዳል። አንቺ ይህቺን ምሥጢር ይዘሽ ሄድሽ። ሄዳ የምትመለስ ሰው ናት እንዲህ የምታደርገው አልኩ።

ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ድንጋዩ አሁን በሩ ስር ነው፤ ነፋሱ በሩን እንዳይዘጋው ደግፌበታለሁ። እቃዋ ላይ አልጫንኩትም። እስከዚያው በእኔ እግር ነው የምትነሣው። የአቶ ፈንታሁንን አቤቱታ ወደ ጎን ተጣምሜ ነው የጨረስኩት፣ ድንበሩንም ዱባ ሳላደርግ። ጉልበቴ ግን ተላልጧል፤ ያ ወንበር ያንቺ ቁመት እንጂ የእኔ አይደለም።

ለሙሐዲን ለመውሊድ መልስ አለብኝ። የማትመጪ ከሆነ አንዲት ቃል ላኪልኝ። ድንጋዩን አስገባዋለሁ፣ ወንበሩንም አነሣለሁ፤ አልቀየምሽም፣ በአላህም በእግዜርም። በዚያ ክብ ነገር እንዳትነግሪኝ ብቻ። ወንዱ መልስሽን እስኪቀበል ከደጅሽ ይጠብቃል፤ በእጅሽ ጻፊውና ስጪው።

የምትመጪ ከሆነ ግን ምንም አትጻፊ። ጓዝሽን ይዘሽ ከወንዱ ጋር ውጪ። ሌላኛው ሸበጥሽ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ አንድ እግር ሸበጥ ይህን ያህል ዘመን የሰቀልሽበትንም ምክንያት አሁን ገና ጠረጠርኩ። እቃዋ ውስጥ ያለውም ሳስቷልና ያኛው ለመለወጫ ይፈለጋል።

እግርሽን አንሺ አልልሽም።

ጉልበቷ የተላላጠው፣
ስህን
ሐይቅ፣ ከወንበርሽ ማዶ