ጠብታ እርጥበት ለሃይድሮጂኑ ቱቦ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
የቤተ ሙከራው መደርደሪያ ፅዳት። ሌንሶች ጠረግኩ፣ ሽቦ ጠቀለልኩ... የሃይድሮጂኑን ቱቦ ሰበርኩ። ከእጄ አመለጠ፣ በቃ። ከኔ በፊት እዚህ መስታወት ሠሪ የነበሩት ጋሼ ከሠላሳ ዓመት በፊት በትንፋሻቸው ነፍተው የሠሩት። ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ለምን አልጣልኩትም?

የፊዚክስ መምህርቷ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ትፈልገዋለች። የአቶምን የመጀመሪያ የኳንተም ሞዴል ልታስተምር ነው። ተማሪዎቹ የሃይድሮጂንን ቀለሞች በዓይናቸው ካላዩ አያምኑኝም ትላለች። ቱቦው አለ አይደል? አለችኝ።

አለ አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
አዲስ ሠራሁ። አማረ። አጠብኩት፣ በእሳት አደረቅኩት፣ አየሩን መጥጬ ሃይድሮጂን ሞላሁ፣ አሸግኩ። ኤሌክትሪክ ስሰጠው... ነጣ አለ። የታመመ ሰው ፊት። የጋሼ እኮ ደም የመሰለ ቀይ ነበር!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ለመምህርቷ አሮጌው ደክሟል አልኳት። ውሸት ሁለት። እሷ ምኑንም ሳትጠረጥር ሰሌዳው ላይ ደረጃ ሣለችልኝ። ኤሌክትሮኑ እነዚህ ደረጃዎች ላይ ብቻ ነው የሚገኘው፣ መሃል ላይ መቆም የለም። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሲወርድ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ይህ ግን ለብቻው ላለ አቶም ነው። ያንተ ቱቦ ውስጥ አቶሞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው ያሉት፣ ጥንዱ ደግሞ የራሱ ሌላ ብርሃን አለው አለችኝ።

ጋሼ እንዴት ነበር የሚለያዩዋቸው? ብላት፣ "እሳቸውን ጠይቃቸዋ" አለች። ቀላል ነገር አስመስላ።

ምን ዓይን አለኝ? አምና ለኃላፊው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ቀን ሰው ያቃጥላሉ ብዬ የነገርኩት እኔ። በወሩ በጡረታ ወጡ። ቦታው ለኔ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ትናንት ሁለተኛ፣ ዛሬ ሦስተኛ ቱቦ። ይበልጥ አጠብኩ፣ ይበልጥ አደረቅኩ። ባሰበት። ቤት ገብቼ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ... ባለቤቴ እንደዚያ ኤሌክትሮንህ አንድ ቦታ አትረጋም ብላ ሳቀችብኝ። ተሳስታለች። እሱስ የተፈቀደለት ቦታ አለው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
እስከ ጋሼ በር ሄጄ ተመለስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ዓይኔን በጨው ታጥቤ ገባሁ። ከስተዋል። ሻይ ሲቀዱልኝ ማንቆርቆሪያው ከብርጭቆው ጋር ይጋጫል፣ አልረዳኋቸውም፣ ይከፋቸዋል ብዬ። ቱቦውን እንደ ሰበርኩ፣ የሠራሁትም እንደሚነጣብኝ ነገርኳቸው።  ስንቴ አጠብከው? ብቻ አሉ። ሦስቴ። አደረቅኸውም? እስኪበቃው። ሳቁ።

"ጥፋትህ እሱ ነው። ግድግዳው ሲደርቅ አቶሞቹ እዚያ እየተገናኙ መልሰው ይጣመራሉ። ትንሽ እርጥበት ተውለት፣ እንዳይጣመሩ ይከለክላል። እኔ ስነፋው ከትንፋሼ የቀረው ይበቃው ነበር።"

ለካ ሳጥብ ሳጥብ የሚያስፈልገውን ነው ያጠብኩት። አመስግኜ ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ዞርኩ።

"ጋሼ... ለኃላፊው የነገርኩት እኔ ነኝ። የእጅዎን ነገር።"

"አውቃለሁ። ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ፣ አልዋሸህም። ግን አጠገብህ ነበርኩ። ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

 ሐሙስ ይምጡና ይዩት አልኳቸው። በሠራሁበት ቤት እንግዳ ሆኜ አልገባም አሉ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ቀይ! እርጥበት የተውኩለት አራተኛው ቱቦ። መብራቱ ሲጠፋ ተማሪዎቹ ተጠጉ። ብርሃን በሚከፋፍለው መመልከቻ ሲያዩ ቀዩ ለብቻው፣ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ሰማያዊው ለብቻው፣ ሐምራዊው ጥግ ላይ... ልክ ሞዴሉ ባሰላው ቦታ።

አንዲት ተማሪ፣ ታዲያ ኤሌክትሮኑ እውነት ይዞራል? አለች። መምህርቷ አይዞርም አለች። ሞዴሉ ኤሌክትሮኑ ስለሚዞርበት መንገድ ያወራው ስህተት ነበር፣ የሃይድሮጂን ቁጥሩ ግን ልክ መጣ፣ ሰዎቹ ደግሞ ቁጥሩ ልክ ነው ብለው አልተኙም፣ መንገዱን መፈለግ ቀጠሉ።

 እኔ ቁጥሩ ልክ ነው፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብዬ፣ የሄድኩበትን መንገድ ሳልጠይቅ ዓመት ሙሉ ተኝቻለሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 15
ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ጋሼ በሳምንት ሁለት ቀን መጥተው ያስተምሩኝ አልኩ፣ እንደ ሠራተኛ፣ ከነጋዋናቸው። "እጁ ይንቀጠቀጣል ያልከኝ አንተ አይደለህም?" አለ።

እኔ ነኝ አልኩ። እጅ እኔ አለኝ፣ እውቀቱ ያለው ግን እሳቸው ጋ ነው። ደግሞም ያንን መጀመሪያ ለሳቸው መንገር ነበረብኝ። እስቲ እንሞክረው አለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
መጡ። ጋዋናቸውን ለበሱ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ፣ መሳቢያውን ከፍተው ስብርባሪውን አዩት፣ መልሰው ዘጉት። እሳቱን ለኮስኩ። መስታወቱን አነሱ። እጃቸውን አየሁት። ዝም ልበል? አልኩ በልቤ።

"ጋሼ፣ ዛሬም ይንቀጠቀጣል" አልኳቸው። ለሳቸው።

"አየሁት" አሉ። "እንካ፣ ያዝልኝ።"

ያዝኩ።