አልጋዬ ላይ ያለው ኪቦርድ

ኢየሩ፣

ሆስፒታል ተረኛ ስለሆንኩ ሳልቀሰቅስሽ ወጣሁ። ምስሩን አሙቀሽ ብዪ። ውሃ ከመጣ ጀሪካኖቹን ሙዪ።

የሙዚቃ ትምህርቴን አቋርጣለሁ ማለትሽ ግሩም ውሳኔ ነው። እግዜር ይስጥሽ! ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ከሌሊት ሥራ ስገባ አንቺ ድምፅሽን ስታሟሺ፣ በማይገባኝ የጣልያንኛ ዘፈን ስታለቅሺ ኖረናል። አከራያችን እትዬ የሺ እንኳን "ይቺን ልጅ ምን ነካት?" ማለት ትተዋል።

አሁን ድምፅ የሚማር ሰው ሁሉ ፒያኖም ካላለፈ ዲግሪ የለም አሉሽ። አንዴ ወደቅሽ፤ በቃ፣ አለቀ። "እኔ ዘፋኝ ነኝ እንጂ ፒያኖ ተጫዋች ነኝ እንዴ?" አልሽ። እውነትሽን ነው። እኔም ነርስነት ስማር ኬሚስትሪ ምን ያደርግልኛል ብዬ ብተወው ኖሮ ይሄኔ እንደ ልቤ እተኛ ነበር።

ማታ እያለቀስሽ "እፎይ፣ ቤቱ ጸጥ ሊል ነው" ያልኩሽ ሌላ የምለው ስለጠፋኝ ነው። ደግሞ ይቅርታ ጠየቀችኝ ብለሽ እንዳታወሪ።

አልጋዬ ላይ ያለው ኪቦርድ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ነው። በማለዳ ሸጎሌ ሄጄ የመዘምራኑን ኃላፊ ቶማስን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ፣ በሰው በተጠቀጠቀ ሚኒባስ እቅፌ ውስጥ አድርጌ ያመጣሁት ለቤት ጌጥ ነው። እስከ እሁድ እኛው ጋ ይቆያል። የድጋሚ ፈተናሽ ቅዳሜ መሆኑን አላውቅም።

ቶማስ "ጎረቤት እንዳይረበሽ ማዳመጫም ልስጥሽ?" ብሎኝ ነበር።

አያስፈልግም አልኩት።

ናዝሬት