ሳይቀበሩ ስለቀሩት ፕሬዚዳንት

ለክቡር አቶ በፈቃዱ
በአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የማኅበራችን የፊልም ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ጆሮዎ፣ እንዲበረታልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ባለፈው እሑድ በእናቴ የለቅሶ ጩኸት መጎዳቱን በኢሜይልዎ ገልጸዋልና።

የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለሚደርሳቸው፣ በቦታው ላልነበሩ አባላት ባጭሩ ላስረዳ። ኮሚቴው የአንድ አሜሪካዊ ፕሬዚዳንትን ሕይወት የሚያሳይ ድምፅ አልባ ፊልም ጋበዘን። እናቴ የሺሀረግ እንግሊዝኛ ስለማታነብ በየመሀሉ የሚመጣውን ጽሑፍ በአማርኛ አነበብኩላት፤ ከኋላችን የነበሩት እናቶችም ሰምተው ተጠጉን። ፕሬዚዳንቱ በጥይት ሲወድቁ እናቴ «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ደረቷን መታች፣ እናቶቹም ተከተሏት። እርስዎም መብራት አብርተው ፊልሙን አቋረጡት።

ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1. ፕሬዚዳንቱ እስካሁን አልተቀበሩም። የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ስለነፈጉን እናቶቹ በየቀኑ እየደወሉ «የት ቀበሯቸው?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስ?

2. «ድምፅ አልባ ፊልም በዝምታ ይታያል» ብለው ጽፈዋል። ስለ ትምህርቱ እግዜር ይስጥልን።

3. ይኼኛው ቀልድ የለበትም። አምና የእናቴ ወንድም ባሕር ዳር ሲያርፍ መርዶውን የሰማችው በስልክ ነው። ግሪንቤልት ባለው አፓርትመንታችን፣ የታች ቤት ጎረቤቶች ጮኹ ብለው ለአከራዩ ኮምፕሌን እንዳያደርጉ፣ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ዝም እንድትል የለመንኳት እኔው ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እሑድ ግን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ አብሯት የሚያለቅስም አላጣችም። ቤት ስንገባ «ቀለል አለኝ» ብላ እህል ቀመሰች። እርስዎ ደግሞ በማግስቱ ሁለታችንንም ከአዳራሹ አገዱን።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የማስታውቅዎ፣ እገዳውን ያልተቀበልን መሆናችንን ነው። በመጪው እሑድ በዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ አቅራቢያችን ካለችው አሌክሳንድሪያ የሚመጡ እናቶች ጭምር፣ ነጠላችንን ዘቅዝቀን እንመጣለን። ፊልሙን ካቋረጡበት ያስቀጥሉልን። እኔ አነባለሁ፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ ፕሬዚዳንቱም በወጉ ይቀበራሉ። በሩን ከቆለፉብን ደግሞ ችግር የለም፣ ፓርኪንጉ ሰፊ ነው።

አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ያላስተማረኝን ጸጥታ ሊያስተምሩኝ ስለደከሙ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
አክባሪዎ
ዕድላዊት፣ የየሺሀረግ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በኢሜይልዎ «ለመሆኑ ሟቹ ምናችሁ ነው?» ብለው ጠይቀውናል። እናቴ ለቅሶ ስትሄድ እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። እርስዎም የሞቱ ዕለት ምኔ ነው ሳትል መጥታ ታለቅስልዎታለች። ድምፅዋን ግን አትቀንስም።