ወይራው ላይ ያበዛሁት

ውድ ልጄ፣

እጄ ቀርፋፋ ስለሆነ ይህን ለመጻፍ ሳምንት ይፈጅብኛል፤ አንተም አሁን የሚያስቸኩልህ ነገር የለም።

አንተ የወደቅክበት ጫካ በጦርነቱ ነድዶ ራሰ በራ ሆኖ ነበር። ፈንጂ አምካኞቹ ጠርገውት ሲወጡ እኛ እናቶች ችግኝ ይዘን ገባን። የሚያስተክለን የደን ባለሙያ ባንተ ዕድሜ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ጎን ለጎን አያስተክልም። ሁሉም ወይራ ይሁን ብዬ ስሟገተው፣ «እማማ፣ ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ሰፊ ቢሆን ዳቦ ማን ይጋግርልዎታል?» አለኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ተቀየመች።

እሷም ልጇን ያጣችው እዚያው ነው። መቼም ተማሪ ሳላችሁ በውጤታችሁ ስንፎካከር ታውቀናለህ። አሁን ደግሞ እሷ ዋንዛዋን በልጇ ስም ጠራችው፤ እኔም ወይራዬን ባንተ። «የኔው ጉልበቴ ጋ ደርሷል፤ ያንቺው ገና ይድኻል?» ትለኛለች። «የኔ ልጅ ሥሩን እያጠበቀ ነው» እላታለሁ። ዞር ስትል ግን ወይራውን እቆጣዋለሁ፦ «ኧረ ተው፣ አታሰድበኝ።»

በመጨረሻ አንድ ብልጠት መጣልኝ። ከዶሮ ቤት ትኩስ ኩስ በከረጢት እያመጣሁ፣ ማንም ሳያየኝ ሥሩ ላይ ከመርኩለት። አንተስ ብትሆን ጠገብኩ ስትለኝ መቼ ሰምቼህ አውቃለሁ?

ቅጠሉ ጠቆረ። ባለሙያው መጥቶ ቅርፊቱን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው፤ ደርቋል። ጎንበስ ብሎ አሸተተና፣ «ይኼን ኩስ የከመረው ማነው? ሥሩን አቃጥሎታል» አለ። ሁለተኛ ልቀብርህ ነው አልኩ በልቤ።

«እኔ ነኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የሷ በልጦብኝ ቀንቼ ነው።»

ልጄ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ሰምቼ አላውቅም። ወይራው ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም ነበር። ባለሙያውም አየው፣ እኛን አየን፣ ወደ ሌሎቹ ችግኞች አለፈ።

ወይራውን ራሴ ነቀልኩት። አፈሩን ለወጥንና በቦታው ሌላ ዓይነት፣ የጥቁር እንጨት ችግኝ አስገባን፤ እሷ ቀጥ አድርጋ ያዘች፣ እኔ አፈር መለስኩ።

«ይኼንንስ ማን እንበለው?» አልኳት።

«ተዪው እባክሽ» አለች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «እንደ ልቡ ይደግ።»

ነገ ውኃ የማጠጣት ተራው የእኛ ነው። አንተ ግን ከእንግዲህ ማደግ የለብህም፤ ልጄ ሆነህ ብቻ እረፍ።

እናትህ