ረቡዕ ረቡዕ ስላየኋቸው ፊልሞችና ሳላነብ ስለዘለልኩት ስም

ኢሳልሚ፣ በስቅለት ዕለት

ይድረስ ቱርኩ ለሚኖረው ልጄ፤

ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ አንተም ቤትህም በደኅና እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። በክረምቱ ክፉ ሳል ይዞህ እንደ ነበር ከአክስትህ ሰምቻለሁ፤ ለቅቆህ እንደ ሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው ሊሆን የሚገባውን ያህል ጤነኛ ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ ዐይኔ ግን ከጋዜጣ ላይ የሰዋስው ስሕተት ለመልቀም ገና አልሰነፈም። በሐይቁ ላይ ያለው በረዶ አልተነሣም፤ ጎረቤቴ ኦይቫ ግን ጀልባውን ከወዲሁ ቀለም እየቀባ ነው።

በልደትህ ቀን ካርድ ከመላክ በቀር ምንም ጽፎልህ የማያውቅ አባትህ ይህን ያህል ገጽ በመሙላቱ ትገረም ይሆናል። ምክንያቱን እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ስለ ፊልም ልጻፍልህ።

ካለፈው መስከረም ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ከቀትር በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ፊልም ይታያል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሲርካ ፊልሙን ትመርጣለች፤ እኛ ስድስት ሰባት ጡረተኞች ደግሞ አይተን እንተቻለን። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳው ኦይቫ የሚመጣው ለቀረፋ ዳቦው መሆኑን አይደብቅም።

ስለ ፊልም ጥበብ የማውቀው የለኝም፤ ያየሁትን በሥርዓት መናገር ግን እችላለሁ። ድራማ የሚባሉት ብዙዎቹ ብርሃን ያንሳቸዋል፤ ሰዎቹም ቃላቸውን ያኝካሉ። ከዴንማርክ የመጣው አንዱ ፊልም፣ አንድ ቤተሰብ እራት ቀርቦለት ሁለት ሰዓት ሲጨቃጨቅ ያሳያል። ማንም አልጎረሰም፤ ከጭቅጭቁ ይልቅ የድንቹ መቀዝቀዝ አሳዘነኝ። በፍቅር ፊልሞች ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። አንዲት ሴት የምትወደው ሰው የሄደበትን ከተማ እያወቀች ሰባት ዓመት በባቡር ጣቢያ ትጠብቀዋለች። «አንድ ጊዜ ስልክ ብትደውልለት ኖሮ ፊልሙ በዐሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር» ብዬ ስተች፣ ኦይቫ «መምህር፣ አንተ ብትሆን ስልኩን አንሥተህ ሰዋስዋን ታርምላት ነበር» ብሎ አዳራሹን አሳቀብኝ።

በየካቲት መጨረሻ ሲርካ፣ ወንድ ከወንድ፣ ሴትም ከሴት ጋር ስለሚዋደዱ ሰዎች የተሠሩ ስድስት ፊልሞችን በተከታታይ እንደምታሳይ ማስታወቂያ ለጠፈች። እኔ በማስታወቂያው ላይ የጎደለችውን ነጠላ ሰረዝ በእርሳስ ጨመርኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። በሚቀጥለው ረቡዕ ግን ከሁሉም ቀድሜ ተገኘሁ። ኦይቫ «ኧረ! አንተም?» ሲለኝ፣ «የግርጌውን ትርጉም ልመረምር ነው» አልኩት። ውሸት ነበር።

የመጀመሪያው በኖርዌይ ደሴት ላይ ስለሚኖሩ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ነው። መረብ ሲጠግኑ እጃቸው ብቻ የሚታይበት ክፍል ከቫዮሊኑ ጩኸት በቀር እንከን የለውም። ስለ ሁለት ዋናተኛ ልጃገረዶች የሚተርከው ፊልም ረዘመብኝ፤ ሆኖም አንደኛዋ የሌላዋን እርጥብ ጸጉር ስታበጥር ሲርካ መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ አይቻለሁ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ፊልሞች በአራቱ ከሚዋደዱት አንዱ ይሞታል። አንዱን ሳይቀብሩ ፊልም መጨረስ በሕግ የተከለከለ ይመስላል። ሲርካን «እነዚህ ሰዎች አያረጁም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ያረጃሉ እንጂ! ማርጀታቸውን ማየት ያልቻለው ፊልም ሠሪው ነው» አለችኝ። አንተ በመጪው ጥቅምት ሃምሳ ዓመት እንደሚሞላህ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከሃያ ሰባትህ ወዲህ ያለውን ዕድሜህን አላየሁትም።

ስድስተኛው፣ ባለፈው ረቡዕ የታየው፣ ከፈረንሳይ የመጣ ነው። አንድ ጎልማሳ ለእናቱ ስልክ ደውሎ ስለሚወደው ሰው ይነግራታል። በፈረንሳይኛ «እርሱ» እና «እርሷ» የተለያዩ በመሆናቸው፣ የሚወደው ሰው ወንድ መሆኑን ላለመግለጥ ዓረፍተ ነገሩን ያጣምማል፤ ይጀምራል፤ ያቋርጣል፤ ያልበዋል። የእኛው የፊንላንድኛ ትርጉም ግን ከግርጌው «ሃን»፣ «ሃን»፣ «ሃን» እያለ በሰላም ያልፋል። ለወንድም ለሴትም ያው አንድ ቃል ነውና ጭንቀቱ ሁሉ ጠፋ። ኦይቫ ዳቦውን እያኘከ «ይሄ ልጅ ምን ያንተባትበዋል? ‹ሃን› ብሎ አይገላገልም?» ሲል ሁሉም ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ። በዚያች ቃል ውስጥ አንድ ሰው እንዴት ተመችቶት እንደሚደበቅ ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ልጄ፣ አሁን ደረስኩበት። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በየካቲት ወር የጻፍክልንን ደብዳቤ ታስታውሳለህ። የደረሰ ዕለት እናትህ የአጃ ሊጥ እያቦካች ስለ ነበር እጇ አልተመቸም። «አንተው ጮክ ብለህ አንብብልኝ» አለችኝ። እኔም ቆሜ አነበብኩላት። «ሃን» የጥርስ ሐኪም፣ «ሃን» ከአንተ የተሻለ ምግብ አብሳይ፣ «ሃንን» በሰኔ ለሚከበረው የዮሐንስ በዓል ይዘህ ልትመጣ እንደምትፈልግ፣ ሁሉንም አነበብኩላት። ስሙ ማግኑስ መሆኑን የምትናገረውን አጭር ዓረፍተ ነገር ግን በዐይኔ ብቻ አልፌ ዘለልኩ። ከቀረው አንዲት ፊደል አልለወጥኩም፤ መለወጥም አላስፈለገኝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት፣ የኮራሁበትም ቋንቋ የቀረውን ሠራልኝ፤ እናትህ የሰማችው ስለ አንዲት ሴት እንደ ሆነ አሰብኩ።

እናትህ «እሰይ! እንግዲያው የእንግዳ ክፍሉን መጋረጃ እቀይራለሁ» አለች።

በማግስቱ ደብዳቤህን በቀይ ቀለም ዐሥራ አንድ ቦታ አርሜ መለስኩልህ። «እወዳለሁ» የሚለው ግሥ የሚፈልገውን ተሳቢ አልተሳሳትክም ነበር፤ እርሱን ማረም አልቻልኩም። በአንድ ቦታ ላይ ግን እንደ መንገድ ወሬ «ሴ» ብለህ ጽፈህ ስለ ነበር፣ ዳር ላይ «ሴ ለዕቃ ነው፤ ለሰው ሃን ይባላል» ብዬ ጻፍኩብህ። በሰዋስው ሰው አደረግሁት፤ በቤቴ ግን ሰው አድርጌ አልተቀበልኩትም። ከግርጌውም ያችን ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ «እናትህ ሰምታዋለች፤ የምትጨምረው ነገር የላትም።»

እናትህ ደብዳቤውን በራሷ ልታነብ ስትፈልግ ፖስታ ቤት ደርሶ ነበር። «አርመህ መለስክለት? ልጁ እኮ አምስተኛ ክፍል አይደለም!» ብላ ተቆጣችኝ። ጥቂት ቆይታም «ሁሉንም ግን አንብበህልኛል አይደል?» አለችኝ። «ሁሉንም» አልኳት። ከዚያም አንተ ራስህ እስክታነሣው ድረስ ማንም ስለ ጉዳዩ እንዳይጠይቅህ ለምነሃል ብዬ ነገርኳት። ለአንተ አንድ፣ ለእርሷ አንድ፤ ሁለቱም የሰዋስው እንከን የማይወጣላቸው ውሸቶች ነበሩ። ለዮሐንስ በዓል ማንም አልመጣም። መጋረጃው ግን ተቀይሮ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በቀብሯ ዕለት፣ ብቻህን መጥተህ ከኋላ ቆምክ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «እናቴ አንድ ቀን እንኳ ስለ እርሱ ሳትጠይቀኝ ሞተች» አልከኝ። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ ቢያንስ እናትህን አተርፍልህ ነበር። እኔ ባርኔጣዬን አስተካከልኩ። አንተ ለመኪናህ ቁልፍ ኪስህን ስትፈትሽ አየሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የዝምታስ ወለምታ በምን ይታሻል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እናትህ ንቃሃለች እያልክ እንድትኖር የፈቀድኩ እኔ ነኝ። እርሷ አልናቀችህም። እንዳትጠይቅህ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይቅርታ የመለመን እንጂ የማግኘት መብት እንደሌለኝ ዐውቃለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚደርስህን የወረቀት ከረጢት እናትህ ሆስፒታል ሳለች፣ ልታርፍ አንድ ሳምንት ሲቀራት ሰጥታኝ ነበር። «ለልጁና ለሃን ነው። እንዳልጠይቀው ተብያለሁና አልጠየቅሁም፤ የሱፍ ካልሲ ግን ጥያቄ አይደለም» አለችኝ። አደርሳለሁ አልኳት። ከሳውናው ልብስ መቀየሪያ ቁም ሣጥን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ አላደረስኩትም፤ ከፍቼም አላየሁትም። ረቡዕ ዕለት ከፊልሙ ወጥቼ እቤት እንደ ደረስኩ ኮቴን ሳላወልቅ ከፈትኩት።

ሁለት ጥንድ ነው፤ አንዱ ግራጫ፣ ሌላው ሰማያዊ። የግራጫው የአንተ መሆኑን በእጇ ጽፋ በመርፌ ቁልፍ አያይዛበታለች። በሰማያዊው ላይ ምንም አልጻፈችም። የእግርህን ቁጥር ስለማውቅ ከራሴ ጫማ ጋር አስተያየኋቸው፤ ከዚያም እርስ በርሳቸው ደራርቤ ለካኋቸው። ሁለቱም ጥንድ አርባ አራት ቁጥር ናቸው።

የሰማይ አባት መግቢያ መውጫችሁን ይጠብቅ፤ ለሁለታችሁም ሽበትን ይስጣችሁ፤ ከቤታችሁ ሙቀት አይጉደል።

አባትህ