ለወንድሜ በማይክሮፎን ስለተጸለየው ጸሎት

ይድረስ ለክቡር አቶ ብርሃነመስቀል፣
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፣
ኦሮራ፣ ማርች 2016

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ፣ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር የገዙት አዲሱ ቤትም የሰላም እንቅልፍ የሚተኙበት ይሁንልዎ። እኔ በየስብሰባው ከኋላ ወንበር የምቀመጠው አባልዎ፣ እታለም ነኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ወንድሜ ስለ ጳውሎስ ነው። ድምፅ ይሰማኛል ብሎ ፒዮሪያ ስትሪት ካለው አፓርታማው መውጣት ከተወ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ክሊኒኩ የላካት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ፣ እድላዊት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከመስኮቱ ሥር መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ስትጠብቀው ከረመች። መጀመሪያ በመጋረጃ አያት፤ በሦስተኛው ወር ወረደ፤ በሰባተኛው ወር መድኃኒቱን ከእጇ ተቀብሎ ዋጠ። ያን ቀን ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ።

ማኅበራችን ታካሚዎችን በመኪና ለማድረስ ቃል ስለገባ የስምና የአድራሻ ዝርዝሩ ከክሊኒኩ ለእርስዎ ተሰጠ። ለሹፌሮች ብቻ የታሰበ ዝርዝር ነበር። እንግዲህ ምስጋናዬ እነሆ፦

፩. ዝርዝሩ ፋይል ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀር አስበው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ፣ በአእምሮ ሕመም የሚሠቃዩትን በጸሎት አስቧቸው ብለው በማይክሮፎን ስላነበቡልን እግዜር ይስጥልኝ። የወንድሜን የአባት ስም እንኳ አልዘለሉም።

፪. የታመመ መጠየቅ ወጋችን ነውና የአፓርታማውን ቁጥር ጨምረው ስለነገሩን ምስጋናዬ እጥፍ ነው። በዚያው ቀን ሃያ ስድስት ሰው ሙዝና ጁስ ይዞ በሩ ላይ ተሰለፈ። ወይዘሮ ጌጥነሽ፣ በሩ አልከፈት ቢላቸው፣ ጠበሉን በበሩ ሥር አፈሰሱለት። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ኮሪደሩ ለቅሶ ቤት እስኪመስል ተለቀሰ፤ ውስጥ ያለው ሰው በሕይወት መኖሩን ያስታወሰ ግን አልነበረም።

፫. ጠያቂዎቹ ሲበተኑ ወንድሜ በሩን ሳይከፍት «እታለም፣ አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?» አለኝ። አይደለሁም ብል ማን ይመነኝ! ከዚያ ወዲህ ለእድላዊትም አልከፈተላትም። በሁለተኛው ሳምንት በሩን ክፍት ትቶ ወጣ፤ ካፖርቱ ሶፋው ላይ፣ መድኃኒቱ ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የኮልፋክስን ጎዳና ከዳር እስከ ዳር አዳረስኩት፤ የለም። ለዚህም ላመሰግንዎ ፈልጌ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ስደውልልዎ ሁሉንም ያደረጉት ለበጎ እንደሆነ ነገሩኝ። አምንዎታለሁ። ቢጠሉት ኖሮ ዝም ይሉ ነበር፣ እሱም ዛሬ ቤቱ ይገኝ ነበር።

ዕድሜ ይስጥዎ፤ ያደረጉት ነገር እስኪገባዎ ድረስ የሚበቃ ረጅም ዕድሜ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
እታለም ወልደገብርኤል፣ የጳውሎስ እኅት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከራስዎ ቤት አንድ ሰው ደውሎ የእድላዊትን ስልክ ቁጥር ለራሱ ጠየቀኝ። ከሕመሙ ይልቅ የፈራው እርስዎን ነው። ማን እንደሆነ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነግርዎትም።